የሽሮ ቤቱ ሽሮ እቤት አልወጣ አለኝ

ላጤው ከጀሞ (ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡40)

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ አጭር ነው። ታሪኩ ግን ይረዝማል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ካዛንቺስ በሠራሁባቸው 6 ዓመታት ምሳዬን የበላሁት አንድ ሽሮ ቤት ነው። ስሙን እንዳትጠይቁኝ፤ ታፔላ አልነበረውም። ጠባብ በር፣ 7 ጠረጴዛ፣ ፕላስቲክ ወንበር። አስተናጋጇ ወደ ጓዳ ዞራ «አንድ ተጋቢኖ በቅቤ፣ ሁለት የጾም!» ትላለች። ጥቂት ቆይቶ ሸክላው እየተንተከተከ ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ በኋላም መፍላቱን አያቆምም። መሃሉ ላይ የተሰነጠቀ ቃሪያ፣ ዳር ዳሩን ቀላ ያለ ዘይት። የመጀመሪያዋን ጉርሻ የቸኮለ ሰው ምላሱ ተልጦ ነው የሚውለው። ደግሞ ይረጫል። ከዚያ ቤት ሸሚዙ ላይ የሽሮ ነጥብ ሳይዝ የወጣ ሰው አላየሁም። ቢሮ ስንመለስ ማን የት እንደበላ ከሸሚዙ ይታወቅ ነበር።

ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ቤቱም አብሮ ተነሳ። ባለቤቷ የት እንደገባች የሚያውቅ አላገኘሁም።

ምን ላድርግ፣ እቤት ልሥራ አልኩ። ከሱፐርማርኬት የታሸገ ሽሮ ገዛሁ። ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ዘይት ጨመርኩ፣ ቀላ ሲል ውሃ፣ ሲፈላ ሽሮውን ጣል። በ10 ደቂቃ አለቀ። ቀመስኩት። ይበላል። ግን ሆስፒታል ለተኛ ሰው ቋጥረው የሚወስዱለት ዓይነት ነው። በማግስቱ ነጭ ሽንኩርት አበዛሁ። በሦስተኛው ቀን ቅቤ ጨመርኩ። በአራተኛው ቀን «ነገሩ ሸክላው ላይ ነው» ብዬ ቀጨኔ ሄጄ ሁለት ሸክላ ገዛሁ። አንደኛውን ምድጃ ላይ እንደጣድኩት ጧ! አለ። ከነሽሮው ለሁለት ተከፈለ። የኤሌክትሪክ ምድጃዬ ሽሮ ጠጥቶ፣ አሁን ሻይ እንኳ ስጥድበት ቤቱ ሽሮ ሽሮ ይሸታል። የሚያናድደው፣ ሽታው ከሠራሁት ሽሮ ይሻላል።

የማላውቀው ነገር ምንድን ነው?

ቀይ ምስር (ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡52)

ላጤ ሸክላ መግዛት ከጀመረማ አበቃ። ሚስት እያፈላለጉለት ከሆነ ንገሯቸው፣ ይተዉት።

ዝም ብዬ አነባለሁ (ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡05)

ሸክላውን አሟሽተኸው ነበር? ካላሟሸኸው ጥፋቱ የሸክላው አይደለም።

ላጤው ከጀሞ (ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡07)

የሚሟሸው ጀበና ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ መሶብ (ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡30)

ልጄ፣ ሸክላ ሁሉ ይሟሻል። ጀበና በቡና አተላ፣ ምጣድ በጎመን ዘር። የወጡን ሸክላ አጥበህ ፀሐይ ላይ አድርቀው። ውስጡንም ውጩንም ዘይት ቀባው። በጣም በለዘበ እሳት ላይ አቆየውና አጥፍተህ ራሱ ይቀዝቅዝ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርገህ፣ በመጨረሻ ውሃ አፍላበትና ድፋው። ደግሞ ቀዝቃዛ ሸክላ የጋለ ምድጃ ላይ አይጣድም። የጋለ ሸክላም እርጥብ ነገር ላይ አይቀመጥም። ጧ ያለብህ ለዚህ ነው። የተረፈችህን አንዷን በደንብ ያዛት።

ወጥቤቷ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡20)

ጥያቄውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። 11 ዓመት ሽሮ ቤት ጓዳ ውስጥ ነበርኩ። ካዛንቺስ ያልከው ቤት ውስጥ ግን አይደለም፤ እንዳትፈልገኝ።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ። ያ ሽሮ አንተ ስታዝ የተጀመረ አይደለም። እኔ በሠራሁበት ቤት ዋናው ድስት የሚጣደው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ የምሳው ግርግር ጋብ ሲል ነበር። ለዚያ ቀን ሳይሆን ለነገ። ሽንኩርቱ እንደ ዱቄት እስኪደቅ ይከተፋል። መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የሚቁላላው። ድስቱ ትልቅ ስለሆነ ቁሌቱ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅ ነበር። ውሃው አልቆ፣ የሚያስለቅሰው ሽታ ጠፍቶ፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ ሲመጣ ያኔ ዘይት ይገባል። ነጭ ሽንኩርት ይከተላል። ከዚያ ውሃ። ውሃው ሲንፈቀፈቅ ሽሮውን በአንድ እጅ እየነሰነስክ በሌላው ማማሰል ነው፤ ያለዚያ ይጓጉላል።

ከዚያ እሳቱ ይቀነስና ይተዋል። ቢያንስ አንድ ሰዓት። ጠቅ... ጠቅ... እያለ ብቻ። አንተ በ10 ደቂቃ ያወጣኸው ጥሬ ነው። እህሉ ታምሶ ቢፈጭም ጥሬነቱን የሚለቀው በመንተክተክ ነው። ዘይቱ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ደርሷል ማለት ነው። ይቀዘቅዛል፣ ፍሪጅ ይገባል፣ ያድራል።

በማግስቱ አንተ መጥተህ «ተጋቢኖ» ስትል ከዚያ ላይ ሁለት ጭልፋ ቀድሞ ወደሞቀ ሸክላ ይገለበጣል። እሳቱ ጋዝ ነው፣ ኃይለኛ። የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት ጥቂት፣ ለፍስክ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ለጾም ዘይት። ሊገነፍል ሲል ቃሪያው ጣል፣ ወዲያው ይወጣል። ሁለቴ ነው የበሰለው። አንዴ በቀስታ፣ አንዴ በቁጣ።

ላጤው ከጀሞ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡31)

ቆይ። 6 ዓመት ሙሉ ያደረ ወጥ እየከፈልኩ ስበላ ነበር?

ወጥቤቷ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡33)

አዎ። ደግሞ ጣትህን እየላስክ።

ቀይ ምስር (ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡40)

እናቴ ያደረ ስታቀርብልኝ አኮርፍ ነበር። ዛሬ ማታ ደውዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ማርታ ዘቀበና (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10)

ወጥቤቷ፣ በናትሽ የጾሙን ንገሪኝ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ያለ ቅቤ የእኔ ሽሮ ሳምንት ሳይሞላው ያስጠላኛል። ሽሮ ቤት ስበላ ግን ቅቤ መኖር አለመኖሩን እረሳዋለሁ።

ወጥቤቷ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡45)

እህቴ፣ ቅቤ ብዙ ጥፋት ይሸፍናል። ቁሌቱ ቢያንስ፣ ሽሮው ቢያረጅ፣ በቅቤ ይታለፋል። በጾም መሸፈኛ የለም። ስለዚህ ሽንኩርቱን ከፍስኩ በእጥፍ አብዢው፣ ቁሌቱ ላይ ጊዜ ስጪው። ዘይቱንም አትሰስቺ፤ ሽሮ ቤት የሚገባውን የዘይት መጠን ብታዪ ትደነግጫለሽ። እኔ አዲስ ወጥ ቤት ስትቀጠር ሙያዋን የማየው በረቡዕና በዓርብ ነበር።

የፍስኩን በተመለከተ፣ ቅቤው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ቀድሞ ከገባ ጠረኑ ይበናል። ቅቤው ደግሞ ሲነጠር ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ አብሽና ትንሽ እርድ ያገኘ ይሁን። አረፋው ጠፍቶ እስኪጠራ ድረስ በቀስታ። በችኮላ የነጠረ ቅቤ ቶሎ ይከረፋል።

እትዬ መሶብ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20)

ወጥቤቷ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። ግን ስለ ድስቱና ስለ ሸክላው ስታወሩ ስለ ሽሮው ማንም አላነሳም። የታሸገ ሽሮ ገዝቶ «ለምን አልጣፈጠም» ይባላል?

እኔ ሽምብራና አተር እቀላቅላለሁ። ሽምብራ ብቻውን ይከብዳል፤ አተሩ ያለሰልሰዋል። ባቄላ አላስገባም። የሚያስገቡ ጎረቤቶች አሉኝ፣ ጸብ የለንም። እህሉ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይነከራል፣ ከዚያ ይታመሳል። ሙያው ማመሱ ላይ ነው። ትንሽ ከቀረው ሽሮው ጥሬ ጥሬ ይላል። ትንሽ ካለፈ ይመራል። እኔ አንድ ፍሬ በጥርሴ ሰብሬ ነው የማውቀው። ድምፁ ይለያል። ከዚያ ይከካል፣ ገለባው ይበጠራል። ለ10 ኪሎ ክክ 2 ኪሎ ዛላ በርበሬ እይዛለሁ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጨው። ሁሉም ደርቆ አብሮ ይፈጫል። ተመጥኖ ስለሚገባ ነው ምጥን የሚባለው።

ወፍጮ ቤት ስሄድ ከእኔ በፊት የተፈጨው ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ጆንያዬን አልፈታም። አንድ ዓመት ሳልጠይቅ ከበቆሎ ቀጥሎ አስፈጨሁ። ያንን ክረምት ሽሮ ሳይሆን ገንፎ ስንበላ ከረምን። ባለቤቴ ምንም አላለም፤ ግን ማንኪያ ይጠይቅ ጀመር።

የታሸገውን መናቄ አይደለም፣ ለቸኮለ ሰው ይሆናል። ግን ከተፈጨ ስንት ጊዜ እንደሆነው አታውቅም። የሽሮ ጠረን ቶሎ ይሄዳል። እናት ካለችህ ደውልላት ልጄ።

ላጤው ከጀሞ (ኀሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15)

እትዬ፣ እንዳሉኝ ደወልኩ። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። «ሽሮ አለሽ?» ስላት ስልኩ ዝም አለ። ከዚያ «ምን ሆነህ ነው? ሥራ ለቀቅህ እንዴ?» አለችኝ። ለማሳመን 20 ደቂቃ ፈጀብኝ። 3 ኪሎ በሚኒባስ ልካለች። ሹፌሩ ሲያስረክበኝ «መኪናዬ እስከ ፋሲካ እንዲህ ነው የሚሸተው» ብሎኝ ሄደ።

ብር ቆጣሪ (ኀሙስ፣ ከቀኑ 7፡05)

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሽሮ ለመብላት ከቤት መውጣት አይገባኝም። ምግብ ቤት የሚኬደው እቤት የማይሠራውን ለመብላት ነው። ቁርጥ፣ ክትፎ፣ በከሰል የተጠበሰ ዝልዝል። ሽሮ እቤት እያለ ከፍሎ መብላት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

የቸሃ ልጅ (ኀሙስ፣ ከቀኑ 7፡30)

ክትፎ እቤት አይሠራም ያለህ ማነው? እኛ ጋ ክትፎ የቤት ምግብ ነው። መስቀል ሲደርስ አዲስ አበባ ያለው ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል። ቅቤው ለዚያ ቀን ተብሎ ሲጠራቀም የከረመ ነው። አክስቴ ሥጋውን በቢላ ነው የምትከትፈው። ክር የምታክል ጅማት ካገኘች ታቆማለች፣ በጣቷ ትስባለች፣ ወደ ጎን ትጥላለች፣ ትቀጥላለች። እኛ ልጆቹ ከአጠገቧ ተቀምጠን ምራቃችንን እንውጣለን። እሷ ግን አትቸኩልም። ሚጥሚጣውና ኮረሪማው ከቀለጠው ቅቤ ጋር ጣባ ውስጥ ይገናኛል። ከዚያ ሥጋው። ቆጮ፣ አይብ፣ ጎመን። በቀንድ ማንኪያ።

አዲስ አበባ ክትፎ ቤት እገባለሁ፣ አልክድም። መጀመሪያ የማሸተው ቅቤውን ነው። ሥጋውን ማሽን ከፈጨው ግን የተፈጨ ሥጋ በሉት እንጂ ክትፎ አትበሉት። ለብለብ የሚያዝ ጓደኛ አለኝ፤ አክስቴ ፊት አላቀርበውም።

ብር ቆጣሪ (ኀሙስ፣ ከቀኑ 7፡36)

እሺ ክትፎን አነሳሁ። ቁርጥ ግን የውጭ ነው።

የቸሃ ልጅ (ኀሙስ፣ ከቀኑ 7፡37)

ቁርጥ ይሁንልህ።

አራት ኪሎ (ኀሙስ፣ ከምሽቱ 1፡50)

ለእኔ ምግብ ቤት የማይታዘዘው ዶሮ ወጥ ነው። አንድ ጊዜ አዝዤ አውቃለሁ። አንድ እግር፣ አንድ እንቁላል፣ ሰፊ ሳህን መሃል ብቻቸውን ቁጭ ብለው መጡ። ወጡ መጥፎ አልነበረም። ግን አሳዘነኝ። ዶሮ 12 ብልት ናት። እቤታችን ሁሉም የራሱን ያውቃል። ፈረሰኛው የአባቴ ነው። መላላጫው ላይ እኔና እህቴ በየበዓሉ እንጣላለን። እናቴ «እኔ መረቁን ነው የምወደው» እያለች ሁሌ ክንፍ ይዛ ትቀመጣለች። ሽንኩርቱ ከዋዜማው ጀምሮ ነው የሚላጠው፤ መክተፊያው ዙሪያ ቤተሰቡ ሁሉ እያለቀሰ። ይህን ሁሉ አስተናጋጅ በትሪ አያመጣልህም።

የፒያሳ ልጅ (ኀሙስ፣ ከምሽቱ 2፡15)

ፓስታስ? ማንም ፓስታን አላነሳም። ጣሊያን 5 ዓመት ተቀምጦ ስጎ፣ ሳልሳ፣ ፎርኖ የሚሉ ቃላት ትቶልን ሄደ። እኛ ደግሞ ስጎው ላይ በርበሬ ጨምረን ፓስታውን በእንጀራ ጠቀለልነው። የእናቴ ፓስታ እስኪፈርስ ነው የሚቀቀለው። ምግብ ቤት ጠንከር ያለ ሲያመጡላት «አልበሰለም» ብላ ትመልሳለች። ሁለቱንም እበላለሁ። እንጀራውን ግን ፈረንጅ ባለበት አላዝም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ (ዓርብ፣ ሌሊት 9፡00)

እዚህ ሌላ ሰዓት ነው፣ ሌሊት ጻፈች እንዳትሉኝ። ሜሪላንድ ነኝ።

እኛ ጋ ጥሩ ሽሮ የሚመጣው በሻንጣ ነው። አገር ቤት ደርሶ የሚመለስ ሰው ሁለት ሻንጣ ካለው አንዱ የሽሮና የበርበሬ ነው። ቁሌት ስጀምር ጣራው ላይ ያለው የጢስ ማስጠንቀቂያ ይጮሃል። ባለቤቴ ፎጣ ይዞ ከሥሩ ቆሞ ያራግባል። ዶሮ በምንሠራበት ቀን ክንዱ ይዝላል። የወጥ ቤት ድርሻው ይህ ብቻ ነው፤ ግን በደንብ ይወጣዋል።

ከሐበሻ ጋር ምግብ ቤት ስንሄድ ጥብስና ክትፎ ነው የምናዘው። ሽሮ የሚያዝ ብዙም አይታየኝም። ፈረንጆቹ ግን በያይነቱ ላይ ናቸው። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ በአንድ ትሪ። እኛ ረቡዕ ነው ብለን የምንበላውን እነሱ ቅዳሜ ማታ ተሰልፈው ይበሉታል። መጀመሪያ ይገርመኝ ነበር። አሁን የሥራ ባልደረቦቼን ራሴ እወስዳቸዋለሁ። አንዷ ጉርሻ ሳቀምሳት በሹካዋ ልትቀበለኝ ሞክራለች።

እንጀራው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ጤፍ እዚሁ አይዳሆ ይበቅላል፣ ችግሩ ጤፍ አይደለም። ጤፉን ከሌላ ዱቄት ጋር እየቀላቀሉ ቶሎ እንዲነሳ ያደርጉታል። ዓይን አለው። ሦስት ቀን ያልቦካ መሆኑን ግን አፍህ ያውቀዋል። ስለዚህ እንጀራ እቤት እጋግራለሁ፣ አብሲት ጥዬ። ወጡን ከምግብ ቤት ገዝቼ በራሴ እንጀራ የበላሁበት ጊዜ አለ። ከሁለቱም ቤት ምርጡ።

የሐዋሳው (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡10)

ስለ ዓሣ የሚያወራ የለም እንዴ? አሞራ ገደል ጠዋት ወርዳችሁ፣ ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ አይታችሁ፣ እዚያው ተጠብሶ በዳጣ...

አወያይ (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡25)

የዓሣ ክር ከታች አለ። እዚህ ሽሮ ነው።

የሐዋሳው (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡26)

እሺ። ዳጣውን ግን ሽሮ ላይም ሞክሩት።

ዴራ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡40)

ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዱባይ ነኝ፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ሳምንቱን ሙሉ የማበስለው የእነሱን ነው። መጅቡስ፣ ሳሉና፣ ዓሣ በሩዝ። ጥሩ ምግብ ነው፣ እኔም እበላለሁ። መጅቡሱን አሁን ከማዳም እናት እኩል እሠራለሁ ይሉኛል። ቁሌት ግን በዚያ ቤት ሠርቼ አላውቅም። ሽታው መጋረጃ ላይ ይቀራል ትላለች ማዳም። ውሸቷን አይደለም፣ ይቀራል።

በእረፍት ቀኔ ዴራ እሄዳለሁ። አራት አምስት ሆነን አንድ ሐበሻ ምግብ ቤት እንገናኛለን። አንድ ትሪ፣ ሽሮ በሁለት ሸክላ። እንጀራው እስኪጋመስ ማንም አያወራም። ከዚያ ሁላችንም በአንዴ እናወራለን።

ብር ቆጣሪ፣ ሽሮ ለመብላት ከቤት መውጣት አይገባኝም ብለሃል። እኔ ጋ የቤቴ ምግብ ያለው ውጭ ነው።

ብር ቆጣሪ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡58)

እህቴ፣ ይቅርታ። ያልኩትን አነሳሁ። በሚቀጥለው እረፍትሽ የአንዱ ሸክላ ሂሳብ በእኔ ነው፤ እንዴት እንደምልክልሽ ብቻ ንገሪኝ።

ዴራ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 5፡02)

ስምህን ቀይር እንግዲህ።

ላጤው ከጀሞ (እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡30)

ሪፖርት ይዤ መጥቻለሁ።

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀመርኩ። ወጥቤቷ ባለችው ሰዓት፣ ሆን ብዬ። ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት አደቀቅኩ፣ አነባሁ። ያለ ዘይት ጣድኩት። በ15ኛው ደቂቃ ሊይዝብኝ ሲል በጣት የሚቆጠር ጠብታ ውሃ እያደረግሁ ቀጠልኩ። በ30ኛው ደቂቃ ተስፋ ቆርጬ ዘይቱን አነሳሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። በ50ኛው ደቂቃ አካባቢ ሽታው ተለወጠ። እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ዓይን የሚያቃጥለው ሄደና ቤቱ የበዓል ዋዜማ ሆነ። ያኔ የጎረቤቴ ልጅ አንኳኳች፤ 11 ዓመቷ ነው። «ጋሼ፣ ማን መጥቶ ነው?» አለችኝ። ማንም አልመጣም ስላት አላመነችም፣ ገብታ አየች።

እሷ ባትመጣ ኖሮ ይጓጉልብኝ ነበር። በአንድ እጅ እየነሰነሱ በሌላው ማማሰል ለካ ለብቻው ሙያ ነው። ማማሰያውን ሰጠኋት። እኔ ነሰነስኩ። «እማዬ ቀስ አድርጎ ነው የምትለው» እያለች አስተካከለችኝ። የእናቴ ሽሮ ድስቱ ውስጥ ሲገባ ጠረኑ ከታሸገው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። እትዬ መሶብ፣ ስለ እርሱ አልከራከርም።

አንድ ሰዓት ከሩብ ተንተከተከ። ዘይቱ ተንሳፈፈ። ቀዝቅዞ ፍሪጅ ገባ። ሌሊት ሁለቴ ተነስቼ ቀምሻለሁ፤ ይህ እዚሁ ይቅር።

ዛሬ ምሳ ላይ ሁለት የድሮ የካዛንቺስ ባልደረቦቼን ጠራሁ። የተረፈችዋ ሸክላ ሦስት ጊዜ ተሟሽታለች። ከቀዝቃዛ ምድጃ ጋር አብራ እንድትሞቅ አደረግሁ። በኤሌክትሪክ ስለሆነ እስኪፈላ 15 ደቂቃ ፈጀ፤ የሽሮ ቤቱ ቁጣ የለውም። ነጭ ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ ቃሪያ። እየተንተከተከ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ለራሴ «አንድ ተጋቢኖ በቅቤ!» ብዬ ጮህኩ።

አንደኛው ጎረሰና ዝም አለ። ሦስት እንጀራ በላ። ሁለተኛው «ከእሷ ትንሽ ይቀጥናል» አለ። ልክ ነው፣ ይቀጥናል። ጨውም በዝቷል፤ ምጥኑ ጨው እንዳለው ረስቼ ደግሜ ጨምሬበታለሁ። ደግሞ የእሷ ሽሮ ላይ መጨረሻ የምትመጣ አንዲት ጠረን ነበረች፤ የእኔ ላይ የለችም። ሦስታችንም አስታወስናት፣ ስሟን ግን አላወቅናትም። ቅጠል ቅጠል ትላለች።

ወጥቤቷ (እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡50)

በሶብላ ይሆናል። ደረቁን በጣት ቆንጥረው ሸክላው ሊወጣ ሲል የሚጥሉ አሉ። ጦስኝ የሚያደርጉም አሉ። በሁለት ሸክላ ለያይተህ ሞክረው። ደግሞ ሸክላውን እስከምን ሞላኸው?

ላጤው ከጀሞ (እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡54)

እስከ አፉ። ሸሚዜ ላይ 4 ነጥብ አለ። ባልደረቦቼ ላይ ሁለት ሁለት። ፎቶ ተነስተናል።

ወጥቤቷ (እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡57)

ግማሽ ነው የሚሞላው፣ እንዳይረጭ። እኛም እስከ አፉ ነበር የምንሞላው። ጎደል ካለ ደንበኛው ያኮርፋል።

እትዬ መሶብ (እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡20)

እጅህ ይባረክ ልጄ። ለትንሿም የድርሻዋን ቋጥረህ ላክላት። ሸሚዙን ግን አታሳድረው፤ ቅቤና በርበሬ ካደረ አይለቅም።